ቤንዚኑን ታንከር ውስጥ ሳይገባ እየው፦ ለድሬና ለሐረር ሞተረኞች

ሞተርህ ጠዋት ከሳቢያን ከዚራ ድረስ ያለ ችግር መጥታ፣ ከሰዓት ቤንዚን ከሞላህ በኋላ መቆራረጥ ከጀመረች ካንዴላ ለመግዛት አትሩጥ። መጀመሪያ የሞላኸውን ቤንዚን እየው። ይሄን የምለው ብዙ ሰው ያለ ቦታው ገንዘብ ሲያወጣ ስለማይ ነው። ካንዴላ ይቀየራል፣ ካርቡራቶር ይፈታል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ባትሪ ይገዛል። ታንከሩ ስር የተኛው ውሃ ግን እዚያው ነው። በማግስቱ ሞተሯ እንደገና ትቆማለች።

እኛ ጋ ቤንዚን እንዴት እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ማደያ ላይ ሲኖር ሰልፉ ረጅም ነው። ሳይኖር ደግሞ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው አለ። ነዳጁ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ ይመጣል፣ ማደያው መሬት ስር ወዳለው ታንከር ይገለበጣል፣ ከዚያ በፓምፕ ወጥቶ እኛ ጋ ይደርሳል። በሃይላንድ የሚሸጠው ከዚያም በኋላ ከጄሪካን ወደ ጄሪካን ይዞራል። በተገለበጠ ቁጥር የሆነ ነገር ሊገባበት ይችላል፤ ውሃ፣ አሸዋ፣ ጄሪካኑ ውስጥ የቀረ የምግብ ዘይት። ሆን ብሎ የሚበርዝም አለ።

«እኔ ፊልትሮ አስገብቻለሁ፣ አያሳስበኝም» የሚል ሰው አታጣም። ፊልትሮ ጥሩ ነው፣ ሁሉም ሞተር ላይ መኖር አለበት። ግን ፊልትሮ የሚይዘው ደረቅ ቆሻሻ ነው። ውሃን እንደ ነገሩ ነው፣ አንዳንዴ ይይዛል አብዛኛውን ጊዜ ያሳልፋል። ቤንዚን ውስጥ የተቀላቀለ ላምባን ደግሞ የትኛውም ፊልትሮ አይለየውም። ስለዚህ ዋናው መከላከያ አንተ ራስህ ነህ፣ ከመሙላትህ በፊት ያለችው ጥቂት ደቂቃ።

ምን እንደገባበት በምን ታውቃለህ?

በመጀመሪያ ውሃ። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ሲሆን አንድ ሊትር ቤንዚን ግን ከ720 እስከ 775 ግራም ቢመዝን ነው። ሁለቱ ደግሞ አይቀላቀሉም። ስለዚህ ውሃው ይወርድና የታንከሩ ወለል ላይ ይተኛል። ብዙ ሞተሮች ላይ የቤንዚን መክፈቻው ኖርማል ላይ ሲሆን ቤንዚኑ የሚወጣው ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብላ በቆመች ቀጭን ቱቦ ነው፣ ወደ ሪዘርቭ ስታዞረው ግን ከታች ነው የሚቀዳው። ለዚህ ነው አንዳንድ ሞተር ለሳምንታት ደህና ሠርታ ልክ ሪዘርቭ ላይ ስትደረግ የምትቆመው። ውሃው ያን ጊዜ አልገባም፣ ከመጀመሪያውም እዚያ ነበር። ካርቡራቶሩ ስር ያለችው ቤንዚን የምትጠራቀምባት ጎድጓዳ ክፍል በጣም ትንሽ ስለሆነች ለማስቆም ብዙ ውሃ አያስፈልግም፣ አንድ የቡና ሲኒ ከበቂ በላይ ነው።

የውሃ ምልክቱ ድንገተኛ ነው። ሞተሯ ትቆራርጣለች፣ ጋዝ ስትሰጣት ትታነቃለች፣ ትጠፋለች። ትንሽ ቆይተህ ስትረግጣት ትነሳና ትንሽ ሄዳ ደግማ ትጠፋለች። ከርሞ የሚመጣው ጉዳት ደግሞ ዝገት ነው። ታንከሩ ብረት ከሆነ ውሃው ያረፈበት ቦታ ይዝጋል፣ የዝገቱ ዱቄት ወርዶ ካርቡራቶሩን ይደፍነዋል።

ሁለተኛው አሸዋ፣ አቧራና ዝገት ነው። ድሬን የሚያውቅ አቧራዋንም ያውቃል። በተለይ ደቻቱ ወንዝ አካባቢ ንፋስ ሲነሳ የታንከር ክዳን ዙሪያ የሚጠራቀመውን አሸዋ እየው። ክዳኑን ዝም ብለህ ስትከፍተው ወደ ውስጥ ይገባል። የአሸዋና የዝገት ምልክት ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ሞተሯ ፍጥነት ላይ ጉልበት ታጣለች፣ ቆማ ስትሠራ አንድ ዓይነት ድምፅ አይኖራትም፣ ቾክ ካልተሳበ አልነሳም ትላለች። ምክንያቱም ካርቡራቶር ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባቸው የናስ ቀዳዳዎች ከመርፌ ጫፍ ብዙም አይሰፉም። ሌላም አደጋ አለ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ቤንዚኑን የምትዘጋው መርፌ ስር ከገባች መርፌዋ አትገጥምም፣ ቤንዚኑ ሞልቶ መፍሰስ ይጀምራል። ውጭ ከፈሰሰ ታየዋለህ። ወደ ውስጥ ከፈሰሰ ግን ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ዘይቱ ቀጥኖ ኢንጂኑን ማለስለስ ያቅተዋል። የቆመች ሞተር ስር ቤንዚን ከሸተተህ የዘይት መለኪያዋን አውጥተህ አሽትት። ቤንዚን ከሸተተ ወይም ዘይቱ ከነበረበት ከፍ ካለ አታስነሳት። መጀመሪያ ካርቡራቶሩ ይጠገን፣ ዘይቱ ይቀየር።

ሦስተኛውና የሚያናድደው ብርዝ ነው፣ ላምባ ወይም ናፍጣ። እነዚህ ከቤንዚን ጋር ሙሉ በሙሉ ይዋሃዳሉ፤ አይዘቅጡም፣ አይለዩም፣ ለዓይን ንጹህ ይመስላሉ። ላምባ ከቤንዚን በጣም ዝቅተኛ ኦክቴን ስላለው ኢንጂኑ ውስጥ ያለ ሰዓቱ ይቀጣጠላል፤ ዳገት ላይ ጋዝ ስትሰጥ የምትሰማው የብረት ማንኳኳት እሱ ነው። እንደ ቤንዚንም ቶሎ ስለማይተን በከፊል ሳይቃጠል ይቀራል። ጭስ ይበዛል፣ ካንዴላ ይጠቁራል፣ ያልተቃጠለው በፒስተኑ ጎን ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል። በብርዝ የምትሄድ ሞተር ጠዋት ለመነሳት ታስቸግራለች፣ ከሞቀች በኋላ ግን ትሄዳለች። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ትሄዳለችና ደህና ናት ይላል። እየሄደች ነው የምትበላሸው።

ደንገጎ ላይ ጉልበት ያነሳት ሁሉ ብርዝ አልገባባትም

ይሄን ለብቻው ላንሳው፣ ምክንያቱም ከድሬ ሐረር የሚመላለስ ሁሉ ይጠይቀዋል። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ሐረማያ ስትደርስ 2,000 ሜትር አካባቢ ነህ። አየሩ ሳስቷል። ካርቡራቶር ያላት ሞተር ይሄን አታውቅም፣ ድሬ ላይ የምትሰጠውን ቤንዚን ያህል ትሰጣለች፣ አየሩ ግን አነሰ። ስለዚህ ትወፍራለች፣ ማለትም ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛባታል፣ ጉልበቷ ይቀንሳል፣ ካንዴላዋ ትንሽ ይጠቁራል። ይሄ ጤናማ ነው። ወደ ድሬ ስትወርድ ካልተስተካከለ ግን ያን ጊዜ ቤንዚኑን ጠርጥር።

ሌላ የሚያሳስት ነገር የታንከሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ቀጭን ቀዳዳ አለች። አቧራ ከደፈናት ቤንዚኑ ሲወርድ የሚተካው አየር አይኖርም፣ ታንከሩ ውስጥ ወደ ውስጥ የሚስብ ግፊት ይፈጠራል፣ ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል። ሞተሯ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳ ትቆማለች፣ አርፋ ደግሞ ትነሳለች። ልክ ውሃ የገባባት ነው የምትመስለው። መለየቱ ቀላል ነው፦ እንደቆመች ክዳኑን ክፈት። «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበና ወዲያው ከተነሳች ቤንዚኑ ምንም አላደረገም፣ የክዳኑን ቀዳዳ አጽዳ።

ከመሙላትህ በፊት

ማደያ ላይ ከሆንክ አንድ ነገር ብቻ ልምከርህ፦ ቦቴ እያራገፈ ከሆነ ታገስ። ቦቴው ሲያራግፍ መሬት ስር ባለው ታንከር ወለል ላይ የተኛው ዝቃጭና ውሃ ይታመሳል። ወረፋህ ቢደርስም የምትችል ከሆነ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይተህ ተመለስ። አውቃለሁ፣ ቤንዚን ጠፍቶ በሰነበተበት ሳምንት ይሄ ምክር ለመናገር እንጂ ለመተግበር ከባድ ነው፣ ቦቴው የመጣበት ቀን ነው ሰው ሁሉ የሚሰለፈው። ግድ ከሆነብህ ሙላ፣ ግን ቤትህ ስትደርስ ከታች የምነግርህን የካርቡራቶር ማፍሰሻ ሳትሠራ አትደር። ከባድ ዝናብና ጎርፍ ከነበረ በኋላም እንዲሁ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎርፍ ያጥለቀለቀው ቦታ ያለ ማደያ፣ የመሬት ስር ታንከሩ ክዳን በደንብ ካልገጠመ ውሃ ይገባዋል።

ክዳኑን ከመክፈትህ በፊት ዙሪያውን በጨርቅ ጥረግ። እስከ አፉ ድረስ ደግሞ አታስሞላ። ቤንዚን ሲሞቅ ይሰፋል፤ አሥር ሊትር ቤንዚን በ20 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 200 ሚሊ ሊትር ይጨምራል። የድሬ ፀሐይ ላይ ቆማ የምትውል ሞተር ይሄ ያጋጥማታል። የት ይሄዳል? በክዳኑ በኩል ይወጣል፣ ሙቅ ኢንጂን ላይ ይፈሳል። ከአንገቱ በታች ትንሽ ክፍት ቦታ ይቅር። በሌላ በኩል ግማሽ ባዶ አድርገህ ለሳምንታት አታቁማት፣ ባዶው ቦታ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ግድግዳው ላይ ጤዛ ይሆናል። ይሄ ከድሬ ይልቅ ሐረርና ሐረማያ ላይ ይበረታል።

አሁን ወደ ሃይላንዱ እንምጣ። ከማደያ ውጭ ቤንዚን መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው፣ ግዛ እያልኩህም አይደለም። ግን መንገድ ላይ የጨረሰ ሰው እንደሚገዛ አውቃለሁ፣ ከገዛህ ደግሞ ዓይንህን ከፍተህ ግዛ።

ሃይላንዱ ግልጽ መሆኑ ይጠቅምሃል። ተቀብለህ ወዲያው አትገልብጥ። ሳትነቀንቀው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጠው፣ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይረፍ፣ ከዚያ ወደ ብርሃን አድርገህ ታችኛውን ክፍል እየው። ውሃ ካለ ወለሉ ላይ ክብ ክብ ጠብታ ሆኖ ወይም አንድ ላይ ተኝቶ ከቤንዚኑ ጋር የሚለየው መስመር ይታያል። ሁለት ንብርብር ካየህና የትኛው ውሃ እንደሆነ ካልገባህ አንድ ጠብታ ንጹህ ውሃ ጣልበት፣ ጠብታዋ ሄዳ የተቀላቀለችው እሱ ውሃው ነው። ቤንዚኑ ደፍርሶ ወተት ወተት የሚል ከሆነም ገና ያልዘቀጠ ውሃ አለበት። ቀለሙን ግን አትመን። ቤንዚን እንደመጣበት ቦታ ቀለሙ ይለያያል፣ ቢጫ መሆኑ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፣ ነጭ መሆኑም መጥፎ ነው ማለት አይደለም።

ብርዙን ለማየት ነጭ ወረቀት ያስፈልግሃል፣ ከደብተር የተገነጠለም ይሆናል። አንድ ጠብታ ቤንዚን ጣልበትና ጥላ ውስጥ ጠብቀው። ንጹህ ቤንዚን በጥቂት ደቂቃ ይተንና ወረቀቱ እንደ መጀመሪያው ይሆናል፣ ቢበዛ የቀለም ጥላ ይቀራል። ላምባ ወይም ናፍጣ ካለበት ወረቀቱ ቅባት እንደነካው ብርሃን የሚያሳልፍ ክብ ይይዛል። በእጅም ሞክረው፦ ቤንዚን ጣትህን ቀዝቀዝ አድርጎ ይጠፋል፣ ላምባ ያለበት ጣትህ ላይ ይንሸራተታል፣ ሽታውም አይለቅህም። ይሄ ፈተና በደንብ የተበረዘውን ያጋልጣል። ትንሽ ብቻ የተጨመረበትን ላያሳይህ ይችላል፣ ስለዚህ ወረቀቱ አለፈ ብለህ ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ አትሁን።

ስትገለብጥ ደግሞ በቀስታ። ጠላ ሲቀዳ አተላው እንዳይመጣ ጋኑን እንደማይነቀንቁት ሁሉ፣ ቤንዚኑንም ሳታናውጥ ከላይ ከላይ ቅዳው። የመጨረሻዋን ሁለት ጣት የምታህል አታስገባ። ውሃውም አሸዋውም እዚያች ውስጥ ነው ያለው። ለእሷ ብለህ የምትሳሳላት ገንዘብ ከአንድ ቀን ሥራ አይበልጥም።

ማጥለያ ከፈለግህ የሌላ ሃይላንድ አንገቱን ቆርጠህ ገልብጠው፣ አፉ ላይ የሴቶች ስቶኪንግ ሁለት ሦስት እጥፍ አድርገህ እሰርበት። ስቶኪንግ ይሻላል የምልህ ክር ስለማይለቅ ነው። ያረጀ ነጠላ ወይም የጥጥ ጨርቅ ራሱ ጭረቱን ይለቅና ሌላ ቆሻሻ ይሆንብሃል። ስቶኪንጉ አሸዋና ዝገት ያስቀራል፣ ውሃን ግን አያስቀርም፣ ይሄን አትርሳ።

ስለ ጄሪካን አንድ ነገር። ለቤንዚን የምትይዘው ጄሪካን ለቤንዚን ብቻ ይሁን። የዘይት ቢጫ ጄሪካን ታጥቦ እንኳን ጥግ ጥጉ ላይ ዘይት ይቀራል፣ ውሃ የነበረበት ደግሞ ደረቀ ብለህ ስትገምት ከመያዣው ጎድጓዳ ውስጥ ውሃ ይወጣል። ሞተር ላይ አስረህ ስትጓዝ የነበረውን ጄሪካን ወዲያው አትገልብጥ፣ መንገዱ አናውጦታልና አሳርፈው። ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ የምትወጡ ልጆች ይሄ በተለይ ለእናንተ ነው፤ ድሬ ሳላችሁ ሞልታችሁ ውጡ፣ ሕዝብ በበዛበት ቀን መንገድ ዳር የተገኘውን መግዛት አያዋጣም።

ፊልትሮና ካርቡራቶር

በታንከሩና በካርቡራቶሩ መካከል ቱቦው ላይ የምትገባ ግልጽ ፊልትሮ ርካሽ ናት። ስትገዛ ውስጧ የሚታይ ይሁን፣ ቆሻሻውንም ውሃውንም ታይበታለህ። ጎኗ ላይ ቀስት አለ፣ ቀስቱ ወደ ካርቡራቶር ይዙር። እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት አለ፦ ለመኪና የተሠራ ወፍራም የወረቀት ፊልትሮ ለሞተር መግጠም። መኪናው ቤንዚኑን በፓምፕ ገፍቶ ነው የሚያሳልፈው። የካርቡራቶር ሞተር ቤንዚኑ የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ወፍራሙ ፊልትሮ ያንቀዋል፣ ፍጥነት ላይ ትቆራርጣለች፣ አንተ ደግሞ ቤንዚኑን ትረግማለህ። ለሞተር የተሠራችውን ግዛ። ውስጧ ትንሽ የአየር አረፋ ብታይ አትደንግጥ፣ ቤንዚኑ እየወረደ እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም። ቱቦውም ከኢንጂኑ ሙቅ አካል ይራቅ፣ አለዚያ ዳገት ላይ ከሲኖትራክ ኋላ እየተጎተትክ ስትወጣ ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ይተናል።

ፊልትሮዋን መቼ ልቀይር ካልከኝ፣ ቀለሟ ሲጠቁር ወይም ታችዋ ዝቃጭ ሲይዝ ነው። ነፍተህ መልሰህ አትግጠማት። ወረቀቷ አንዴ ከተቀደደ የያዘችውን ሁሉ ትለቃለች።

አሁን ዋናው ሥራ፣ የካርቡራቶር ማፍሰሻ። ብዙ ሞተር ላይ ካርቡራቶሩ ታች፣ በጎን ወይም ከስር አንዲት ትንሽ ቡለን አለች። ሞተሯ ትቀዝቅዝ። የቤንዚን መክፈቻውን ዝጋ። ከስር የብርጭቆ ዕቃ ያዝ፤ የማርማላታ ጠርሙስ ጥሩ ነው፣ ስስ ነጩን የፎም ኩባያ ግን እንዳትይዝ፣ ቤንዚን ያቀልጠዋል። ቡለኗን በካቻቢቴ ጥቂት አላላት፣ ሙሉ በሙሉ አታውጣት። ያለው ቤንዚን ይወርዳል። ጠርሙሱን ለጥቂት ደቂቃ አሳርፈህ እየው። ጠብታ ካየህ ውሃ ነው፣ ቡናማ ዱቄት ካየህ ታንከርህ እየዛገ ነው፣ ጥቁር ፍርፋሪ ካየህ ቱቦህ አርጅቶ ከውስጥ እየተበላ ነው። ቡለኗን አጥብቅ፣ ግን በልክ፤ የካርቡራቶር አካል ለስላሳ ብረት ስለሆነ ጥርሱ ቶሎ ይበላል። ከማደያ ብቻ የምትሞላ ከሆነ በወር አንዴ ይበቃሃል። ከሃይላንድ የምትሞላ ከሆነ በየሳምንቱ አድርገው። ባጃጅ ለምትነዱም ያው ነው፣ ካርቡራቶር ካለው ይሄው ሥራ ይሠራል።

ሌሊት ስታቆማት መክፈቻውን ዝጋ። መርፌዋ ባትገጥም እንኳን ቤንዚኑ አያጥለቀልቅህም። አንዳንድ ሞተር መዝጊያ የለውም፣ በኢንጂኑ ስበት ራሱ የሚዘጋ ነው፣ እሱን ተወው። ወር ሁለት ወር የምታቆማት ከሆነ ደግሞ መክፈቻውን ዘግተህ እስክትጠፋ አሠራት ወይም በቡለኗ አፍስሰው። ካርቡራቶር ውስጥ የቀረ ቤንዚን በሙቀት ይተንና ሙጫ ትቶ ይሄዳል፣ ያ ሙጫ ነው ቀዳዳዎቹን የሚደፍናቸው።

ከገባብህ በኋላ

መጀመሪያ መርገጥህን አቁም። ሞተሪኖ ደጋግመህ በነካህ ቁጥር ባትሪ ትጨርሳለህ፣ ተጨማሪ ውሃም ትስባለህ። ኢንጀክተር ላላቸው አዳዲስ ሞተሮች ይሄ የበለጠ ከባድ ነው። እነሱ ፓምፓቸው ታንከር ውስጥ ነው፣ ቁልፉን በከፈትክ ቁጥር ፓምፑ ይሠራና ቤንዚኑን ከ2.5 እስከ 3 ባር አካባቢ በሚደርስ ግፊት ይገፋል። ማለትም ቁልፉን ደጋግመህ በከፈትክና በዘጋህ ቁጥር ውሃውን ራስህ ወደ ኢንጀክተሩ እየላክኸው ነው። ቁልፉን ዝጋ፣ ገፍተህ ጋራዥ ውሰዳት። ቱቦው ግፊት ስላለው መንገድ ላይ በራስህ አትፍታው። ሌላው፣ የኢንጀክተር ሞተር ሁልጊዜ ባዶ እስኪሆን አትንዳ። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው በዙሪያው ያለው ቤንዚን ነው።

ካርቡራቶር ከሆነች ራስህ ትሠራታለህ። መክፈቻውን ዘግተህ ቱቦውን ከካርቡራቶሩ አውጣ፣ ጫፉን ንጹህ ጄሪካን ውስጥ አድርግ፣ ከዚያ መክፈቻውን ሪዘርቭ ላይ አድርገህ ሁሉም ይውረድ። ሪዘርቭ ያልኩህ ከታች እንዲቀዳ ነው። ከዚያ ግማሽ ሊትር የሚሆን ንጹህ ቤንዚን ታንከሩ ውስጥ ጨምረህ ሞተሯን ግራና ቀኝ አወዛውዝና እሱንም አፍስስ። ካርቡራቶሩን በቡለኗ አፍስስ። ፊልትሮ ቀይር። ካንዴላውን አውጥተህ አድርቅና መልስ። ዘይቱን አሽትት። የነበረው ብርዝ ከሆነ ዘይቱን ሳትቀይር ሩቅ መንገድ አትውጣ።

ውሃ የነበረበትን ቤንዚን የግድ አትጣለው። ጄሪካኑ ውስጥ አንድ ሌሊት ይደር፣ ከላይ ያለውን ቀስ ብለህ ቅዳ፣ በጠርሙስ እየው፣ ንጹህ ከሆነ ይሠራል። ላምባ የተበረዘበትን ግን በማሳረፍ አታድነውም።

ታንከሩ ከዛገ በፊልትሮ ብቻ አትገፋበትም። አውጣው፣ መክፈቻውንና የቤንዚን መለኪያውን ፍታ፣ ቀዳዳዎቹን ድፈን፣ ነጭ አቼቶ ሙላበት። አንድ ቀን ይደር፣ ዝገቱ የበረታ ከሆነ ሁለት ቀን። ውስጡ ጥቂት ብሎን ጨምረህ ብትነቀንቀው ዝገቱ ይለቃል፣ ብሎኖቹን ስታወጣ ግን ያስገባኸውን ያህል ቆጥረህ አውጣ። ከዚያ በውሃ ደጋግመህ እጠብ፣ የመጨረሻውን ውሃ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ጨምርበት፣ የአቼቶውን አሲድ ያጠፋዋል። ወዲያው አድርቅ። እርጥብ ሆኖ ካደረ ተመልሶ ይዝጋል። የድሬ ፀሐይ ለዚህ ሥራ ግሩም ናት፣ ጠዋት ብታወጣው ከሰዓት ደርቆ ታገኘዋለህ። ሲደርቅ በትንሽ ቤንዚን አለቅልቀህ አፍስስና ግጠመው።

እባክህ ይሄን ሁሉ ስትሠራ ቤት ውስጥ አትሥራ። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተሳበ ሩቅ ይሄዳል። ግቢው ጥግ ላይ እናት ቡና የምታፈላበት ከሰል ካለ ያገኘዋል። ቡናው ይለቅ፣ ከሰሉ ይጥፋ፣ ከዚያ ትሠራለህ። ስልክና ሲጋራም ራቅ ይበሉ፣ ልጆችም። ቤንዚን በቱቦ በአፍህ አትሳብ። ይሄ ልማድ እኛ ጋ በጣም የተለመደ ስለሆነ አጥብቄ ነው የምናገረው፤ ትንሽ ቤንዚን ሳንባ ውስጥ ከገባ ከባድ የሳንባ ሕመም ያመጣል። የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስመልስ አታድርጉት፣ ሲያስመልሰው ነው ወደ ሳንባው የሚገባው፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት።

የማይጠቅመውን ዝቃጭ ደቻቱ አሸዋ ላይ ወይም ቦይ ውስጥ አትድፋ። ድሬ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፣ የሳቢያን ጉድጓዶችን ጨምሮ። በተዘጋ ዕቃ አጠራቅመህ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጥ።

መጥፎው ቤንዚን ከማደያ የተቀዳ ከሆነ ዝም አትበል። የሞላኸውን ሳትጨርስ ከታንከሩ በብርጭቆ ጠርሙስ ሁለት ናሙና ውሰድ፣ በደንብ ክደናቸው፣ ላያቸው ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቀዳህበትን ፓምፕ ጻፍ። በቴሌብር ስትከፍል የመጣልህን መልእክት አታጥፋው፣ ቀኑንና መጠኑን ይዟል። ጋራዥ ያስከፈለህንም ደረሰኝ ያዝ። መጀመሪያ የማደያውን ኃላፊ በትሕትና አናግር፤ አንዳንዴ ሌላም ሰው አቤት ብሎ ፓምፑን ራሳቸው ያቆሙታል። ካልሰሙህ የከተማው ንግድ ቢሮ ሂድ። አንዱን ናሙና ስጥ፣ ሁለተኛው አንተ ጋ ይቆይ።